የመብራቱ ዘይት



በልጅነቴ በወሎ ገጠር የቀራሁባቸው አንድ ሼኽ ነበሩ። ነሕውና ፊቅህ ከሳቸው ዘንድ ለመቅራት ደረሳው ከሩቅ አገር ይመጣ ነበር። ምግባችንን የአካባቢው ሰው ይችለናል፤ በመኸር ጊዜ እኛም የሼኹን ማሳ እናጭዳለን። ሼኹ ወደ አኼራ በሄዱ በዓመቱ ደረሳው ተበተነ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተመልሼ ብሄድ ኪታቦቻቸው ከተቀመጡበት ሣጥን ግማሹን ምስጥ በልቶታል። መስጊዱ ግን አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል።

የአገሩ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ለቆርቆሮው ያዋጣው ያው ሼኹን ይወድ የነበረው ሰው ነው። ነገር ግን ለመምህርና ለኪታብ የሚሆን ቋሚ ነገር እንዲያስቀምጥ የነገረው አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከልቤ አልወጣም። የዒልም ቤት መሥራቹ ከሞተ በኋላ በምን ይኖራል?

አባቶቻችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበራቸው። ዑመር (ረ.ዐ.) በኸይበር ጥሩ መሬት ባገኙ ጊዜ ምን ላድርገው ብለው ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ.) አማከሩ። ዋናውን ይዘው ፍሬውን እንዲሰጡ ተመከሩ። ዑመርም መሬቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይወረስ፣ በስጦታም እንዳይተላለፍ አድርገው ፍሬውን ለድሃው፣ ለዘመዱና ለመንገደኛው አደረጉት። ወቅፍ የምንለው ይህ ነው። ሶደቃ ከኪስ ወጥቶ ያልቃል፤ ወቅፍ ግን ላሟን ሳያርዱ ወተቷን ማጠጣት ነው።

አሁን ወደ ካይሮ እንሂድ። የአዝሀር መስጊድ ተሠርቶ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ972 ነው። በ400 ሒጅራ የፋጢሚዮች ኸሊፋ አል-ሓኪም ለአዝሀርና ለሌሎች ቤቶች የወቅፍ ሰነድ አጻፈ። የሰውየው አገዛዝ ብዙ የሚተች ነው፤ ሰነዱን ግን ታሪክ ጸሐፊው አል-መቅሪዚ ስላቆየልን ዛሬም ይታወቃል። ታዲያ በሰነዱ የተዘረዘረው ምንድን ነው? የኸጢቡ ደመወዝ፣ የወለሉ ምንጣፍ፣ የመብራቱ ዘይት! ንጉሥ ግንብ ሲያቆም ሁሉም ያያል፤ ዘይቱ ሲያልቅ ግን ማን ይጨምራል? ሰነዱ የጻፈው ይህንን ነበር።

ከዘመናት በኋላ በአዝሀር ውስጥ ሪዋቅ የሚባሉ ክፍሎች ተደራጁ። ሪዋቅ ማለት የአንድ አገር ደረሳ ተሰባስቦ የሚኖርበት ነው። የመግሪቡም፣ የሻሙም፣ የቱርኩም የየራሱ ነበረው። ከኛ አገርና ከዘይላ ወገን ለሚሄዱትም የጀበርቲዎች ሪዋቅ ነበራቸው። ደረሳው በየቀኑ የሚደርሰው ዳቦ ከወቅፍ ገቢ የሚገዛ ነበር። አስቡት! ከሐበሻ በእግርና በመርከብ የሄደ፣ ዘመድ የሌለው ልጅ፣ ስሙን በማያውቅ በሞተ ሰው ገንዘብ ይበላና ይቀራ ነበር።

ከነዚህ ተጓዦች አንዱ ዐብዱረሕማን የሚባሉ ሰው ነበሩ። የሪዋቁ ሼኽ ሆኑ፤ ኃላፊነቱም በዘራቸው ቆየ። ከዘራቸው የወጡት ሐሰን አል-ጀበርቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1774 የሞቱት፣ በሒሳብና በሥነ ፈለክ የታወቁ ነበሩ፤ የግብፅን ሚዛንና መስፈሪያ እስከ ማረም ደርሰዋል። ልጃቸው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ደግሞ የግብፅን ታሪክ በሰፊው የጻፉት ናቸው። የናፖሊዮንን ወረራ በዓይናቸው አይተው መዝግበዋል። አንድ ቁራሽ ዳቦ በስንት ትውልድ ምን እንዳፈራ ተመልከቱ።

የሚያሳዝነው ሌላ ነገር መመዝገባቸው ነው። ሙሐመድ ዐሊ ፓሻ ግብፅን ከያዘ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1809 ጀምሮ በወቅፍ መሬቶች ላይ ግብር ጣለ። እስከ 1814 ባለው ጊዜም አብዛኛውን የእርሻ ወቅፍ ወደ መንግሥት አዛወረ። አል-ጀበርቲ ይህን በምሬት ጻፉ። የሪዋቁ ዳቦ ያሳደጋቸው ሰው የዳቦው ምንጭ ሲነካ አዩ። እ.ኤ.አ. በ1952 እና በ1953 የወጡት ሕጎችም የቀረውን ወቅፍ በመንግሥት እጅ አስገቡት። አዝሀር አልተዘጋም፤ እንዲያውም በ1961 ሕግ ሕክምናና ምሕንድስና ተጨምረውለት ሰፋ። ነገር ግን የአዝሀርን ሼኽ መሾም የርዕሰ ብሔሩ ሥራ ሆነ። እስከ 2012 ድረስም ምርጫው ወደ ታላላቅ ዑለማእ ጉባኤ አልተመለሰም። ዳቦውን የሚቆርስ እጅ ቃልንም ለመቁረስ ይመኛል።

በምርምርም ነገሩ ያው ነው። የመራጋ የከዋክብት ማጥኛ ቤት እ.ኤ.አ. በ1259 ተጀመረ። ያስጀመረው ባግዳድን ያወደመው ሁላጉ ነው፤ ሥራውን የመሩት ግን ነሲሩዲን አጥ-ጡሲ ነበሩ። ቤቱ የወቅፍ ገቢ ተመደበለት። ሁላጉ በ1265፣ ጡሲም በ1274 ሞቱ፤ የቤቱ ሥራ ግን ከሁለቱም በኋላ ቀጠለ። አሁን ደግሞ ኢስታንቡልን እዩ። ተቂዩዲን በ1577 የሠሩት የከዋክብት ቤት በሡልጣን መልካም ፈቃድ ላይ የቆመ ነበር። በ1580 በዚያው ሡልጣን ትእዛዝ ፈረሰ። የሰውየው ዕውቀት አላነሰም፤ መሠረቱ የሰው ፊት ነበርና ፊቱ ሲዞር ወደቀ።

ወቅፍ ሁሉ የተባረከ ነበር ማለቴ አይደለም። ስንቱን ናዚር በላው! ስንቱ ሱቅ ሳይታደስ ፈረሰ! መንግሥታት ወቅፍን ለመውሰድ ሰበብ ያገኙት ብዙ ጊዜ ጠባቂዎቹ ስላጎደሉ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በሌላ ላይ መጣል አይገባንም።

ይህ ዘዴ አርጅቷል የሚል ካለ አሜሪካን ይመልከት። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቋሚ ሀብት እ.ኤ.አ. በ2024 ከ53 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በየዓመቱ ከመቶ አምስት ገደማውን ብቻ እያወጡ ዋናውን ይጠብቃሉ። ዑመር (ረ.ዐ.) በኸይበር ካደረጉት ጋር አይመሳሰልምን?

በአገራችን በ1967 ዓ.ም. የወጡት የገጠር መሬትና የትርፍ ቤት አዋጆች በመሬትና በኪራይ ገቢ ላይ የቆመውን ሁሉ አናግተውታል። ያ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን በምን አሳለፍነው? ከጅዳና ከዱባይ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ላባቸውን አንጠፍጥፈው የሚልኩት ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ለግንብ ይውላል። ሚናራው ከፍ ይላል፤ ሥሩ የሚያስተምረው ኡስታዝ ግን የወሩን ቀለብ ከየት እንደሚያገኝ አያውቅም። ጎበዝ ደረሳ ይመጣል፤ ሁለት ዓመት ይቀራል፤ የሚበላው ሲያጣ ኪታቡን አጥፎ ለቀን ሥራ ይሄዳል። እሱ ሊሆን የሚችለውን ዓሊም ማን ያውቃል?

ስለዚህ ቤተሰቦች ሆይ፣ ምክሬ አጭር ነው። ለመድረሳ ስታዋጡ ከገንዘቡ የተወሰነው ገቢ ለሚያመጣ ነገር ይሁን። አንዲት ሱቅም ብትሆን፣ አንድ የእህል ወፍጮም ቢሆን ይበቃል። ሕጉን ተከትሎ በጽሑፍ ይጻፍ፤ የአንድ ሰው ሳይሆን የጥቂት ታማኞች አደራ ይሁን። ከገቢው መጀመሪያ የማደሻው ይነሣ፤ ወፍጮው ካልታደሰ ነገ ዳቦ የለምና። ቀጥሎ የመምህሩ ደመወዝ፣ ከዚያ የደረሳው ቀለብና የኪታቡ ሣጥን። ሒሳቡም በዓመት አንድ ጊዜ በጀማዓው ፊት ይነበብ።

ሰው ሲሞት ሥራው የሚቋረጠው ከሦስት ነገር በቀር መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል። ሶደቀቱል ጃሪያ፣ የሚጠቅም ዒልም፣ ዱዓ የሚያደርግ መልካም ልጅ። ለዒልም ቤት ወቅፍ ያደረገ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በአንድ ላይ ይዟል። ሦስተኛው ደግሞ በዚያ ቤት የሚቀራው ልጁ ሊሆን ይችላል።

የሼኻችን ሣጥን ዛሬ በኔ ቤት አለ። ምስጥ የተረፋቸውን ኪታቦች በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ። ግን እኔም እንደ እሳቸው ሟች ነኝ። ከኔ በኋላ የሚጠብቃቸው እንዳይጠፋ እናንተም እኔም እናስብበት። አሏህ (ሱ.ወ.) ያግዘን። ኣሚን።