የአንቲባዮቲክ አጋዥ
«አንቲባዮቲክ አጁቫንት» በአማርኛ «የአንቲባዮቲክ አጋዥ» ሊባል የሚችል ሲሆን፣ ብቻውን ባክቴሪያን የመግደል ኃይሉ ደካማ ሆኖ ሳለ፣ ባክቴሪያው የተላመደው መድኃኒት እንደገና እንዲሠራ የሚያደርግ ውህድ ነው። ከእነዚህ አጋዦች አንዳንዶቹ ከተፈጥሮ የተገኙ ናቸው። በሕክምና ላይ ከዋሉት ቀዳሚው ክላቩላኒክ አሲድ ከአንድ የባክቴሪያ ዝርያ የሚገኝ ሲሆን፣ አሞክሲሲሊንን የሚሰባብረውን ኢንዛይም አስሮ ስለሚይዝ፣ ሁለቱ ተጣምረው እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ «ኦግመንቲን» በሚል ስም ለሕሙማን ሲሰጡ ቆይተዋል።

መድኃኒትን ከሚሰባብር ኢንዛይም ሌላ፣ ባክቴሪያ መድኃኒትን የሚላመድበት መንገድ ማስወጫ ፓምፕ ይባላል፤ ይህም በባክቴሪያው ሽፋን ላይ ተተክሎ ወደ ውስጥ የዘለቀውን መድኃኒት መልሶ ወደ ውጭ የሚገፋ ፕሮቲን ነው። ቁስል የሚያመረቅዘው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ «ኖር ኤ» በተባለው ፓምፑ ሲፕሮፍሎክሳሲንን ያስወጣል፤ የቁንዶ በርበሬን የማቃጠል ባሕርይ የሚሰጠው ፓይፐሪን ግን ይህን ፓምፕ እንደሚገታ በቤተ ሙከራ ታይቷል።

ነገሩ ለካፋ ቅርብ ነው። ከቦንጋ እስከ ሺሺንዳ ባለው ደን ውስጥ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ በመዘገበው አካባቢ፣ ከቡና ጋር ኮረሪማና የቁንዶ በርበሬ ወገን የሆነው ጥምዝ ይበቅላሉ። ይሁንና ዕፅዋት በአብዛኛው የሚፈተሹት በጭማቂያቸው የተነከረ ክብ ወረቀት ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ ተቀምጦ፣ በዙሪያው ባክቴሪያ ያልበቀለበት ቀለበት መታየቱ እየተለካ ነው። አጋዥ ውህድ ራሱ ስለማይገድል በዚህ ፍተሻ ዋጋ ቢስ መስሎ ሊጣል ይችላል፤ ይህም ትልቅ ጉዳት ነው። አጋዥነት የሚለየው 96 ጉድጓዶች ባሉት ሰሌዳ ላይ መድኃኒቱ በአንድ አቅጣጫ፣ ውህዱ በሌላው አቅጣጫ መጠናቸው ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ሲጣመሩ፣ ባክቴሪያውን ለማቆም የሚያስፈልገው የመድኃኒት መጠን ምን ያህል እንደወረደ በማየት ነው።

በቤተ ሙከራ የታየው ሁሉ ለሕመምተኛ ይሆናል ማለት ግን አይደለም፤ ከዕፅ የተገኘ አንድም ውህድ የባክቴሪያን ማስወጫ ፓምፕ እንዲገታ ተብሎ እስካሁን ለሕክምና አልጸደቀም። ፓይፐሪን ራሱ እንደ ፌኒቶይን ያሉ መድኃኒቶች በደም ውስጥ ያላቸውን መጠን ከፍ ስለሚያደርግ፣ ማንም ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት ያጠናክርልኛል ብሎ ጥምዝ ወይም ቁንዶ በርበሬ አብዝቶ መውሰድ የለበትም። ተመራማሪዎች ግን ብቻቸውን አልገደሉም ተብለው የተተዉትን የካፋ ደን ዕፅዋት ከአንቲባዮቲክ ጋር አጣምረው እንደገና ሊፈትሿቸው ይገባል።