የፍለጋ መሣሪያ ታሪክና የለሚ ስም

አንድ ነገር መኖሩ ብቻ እንዲታወቅ አያደርገውም። የሚያመለክተው ከታጣ ያለው ነገር እንደሌለ ይቈጠራል። ስለዚህ የሰው ልጅ ዕውቀትን ለማከማቸት የደከመውን ያህል፣ ያከማቸውን መልሶ ለማግኘትም ደክሟል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የዚህን ድካም የቅርብ ዘመን ምዕራፍ፣ ይኸውም በኢንተርኔት ላይ የተበተነውን ጽሑፍ እየለቀሙ ለጠያቂ የሚያቀርቡትን የፍለጋ መሣሪያዎች ታሪክ ነው። ለምሳሌ የመረጥናትም በሰሜን ሸዋ የእንሳሮ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ለሚ ናት።

ነገሩ በአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን ከአንኮበር በታች ባለው በዓልዩ አምባ ገበያ፣ ከሐረርና ከታጁራ የመጡ ሲራራ ነጋድያን ከሸዋ ሰዎች ጋር ይገበያዩ ነበር። በማናቸውም ገበያ ቢሆን አገሩን የማያውቅ ሰው የሚሻውን ዕቃ የሚያገኝባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ብዙ ሰው የመሰከረለትን ባለ ዕቃ መከተል፣ ሁለተኛውም ደላላ ማነጋገር ነው። መልካም ስም በብዙ ሰው አፍ የሚገኝ ሲሆን፣ ደላላው ግን ስለ ድካሙ ዋጋ ይከፈለዋል። የዛሬዎቹ የፍለጋ መሣሪያዎች እነዚህን ሁለት መንገዶች በአንድ ገጽ ላይ አጣምረው የያዙ ናቸው።

የመጀመሪያው የኢንተርኔት መፈለጊያ አርቺ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1990 የሠራው በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የነበረው የባርቤዶስ ተወላጅ አለን ኤምቴጅ ነው። አርቺ የሚያውቀው የመዛግብቱን ስም ብቻ እንጂ በውስጣቸው የተጻፈውን አልነበረም። ቀጥሎም በ1994 ያሁ ድረ ገጾችን በሰው እጅ በየዘርፋቸው መደበ፤ በ1995 ደግሞ አልታቪስታ በየገጹ ያሉትን ቃላት መዝግቦ ለፈላጊው አቀረበ። ነገር ግን ገጾቹ እየበዙ ሲሄዱ፣ አንዱን ቃል የያዙት በሺሕ የሚቈጠሩ ስለ ሆኑ የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው መለየት አስቸገረ። በ1998 ጉግልን ያቋቋሙት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን መፍትሔ ያደረጉት ምስክርነትን ነው። አንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሲያመለክት እንደ መሰከረለት ይቈጠራል፤ ብዙ የተመሰከረለት ገጽም በተራው የሚሰጠው ምስክርነት ከሌላው ይልቅ ይከብዳል።

የደላላው መንገድ የተከፈተውም በዚያው በ1998 ነው። ቢል ግሮስ የተባለ አሜሪካዊ የንግድ ሰው ጎቱ በተባለው መፈለጊያ ቃላትን ለሐራጅ አቀረበ። በአንድ ቃል ላይ የበለጠ ዋጋ የሰጠው ነጋዴ ከላይ ይጻፋል፤ ገንዘቡንም የሚከፍለው ፈላጊው ማስታወቂያውን ነክቶ ወደ ገጹ ሲገባ ብቻ ነው። ጉግልም በ2000 የራሱን የማስታወቂያ አገልግሎት ጀመረ፤ በ2002ም ከጨረታው ዋጋ ጋር የፈላጊዎች ምርጫ አብሮ እንዲመዘን አደረገ። ሳይከፍሉ ከላይ ለመቀመጥ የሚደረገው ጥረትም ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። አንዳንዱ ጽሑፉን አሻሽሎ ወደ ላይ ሲወጣ፣ አንዳንዱ ባዶ ገጾችን እየፈጠረ ወደ ራሱ እንዲያመለክቱ በማድረግ የሐሰት ምስክር አቆመ። ጉግል በ2011 ፓንዳ፣ በ2012 ፔንግዊን የተባሉትን ማሻሻያዎች ያወጣው ፍሬ ቢሱን ጽሑፍና የሐሰቱን ምስክር ዝቅ ለማድረግ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የእኛ ፊደል ገና ከደጅ ቆሞ ነበር። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ በኮምፒዩተር የሚጻፈው የግዕዝ ፊደል እያንዳንዱ ሠሪ በመሰለው ቍጥር የተመደበ ስለ ነበረ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። የማይነበብ ጽሑፍ ደግሞ አይፈለግም። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ መዝገብ ገብቶ እያንዳንዱ ሆሄ የታወቀ ቍጥር ሲያገኝ ይህ መሰናክል ተነሣ። በ2016ም አማርኛ ከጉግል የትርጕም ቋንቋዎች አንዱ ሆነ።

ይሁን እንጂ ሌላ ችግር ቀረ። ለጆሮ አንድ የሆኑት ሆሄያት በመዝገቡ ልዩ ልዩ ቍጥር አላቸው። ከለሚ አልፎ ወደ ጀማ ሸለቆ በሚወርደው መንገድ የምትገኘውን ዓለም ከተማን አንዱ በዐይኑ ‹ዓ›፣ ሌላው በአልፋው ‹አ› ቢጽፋት፣ ይህንን ያልተማረ መሣሪያ ሁለት ከተማ ያደርጋታል። በዚህም ላይ የአማርኛ ቃል በፊቱም በኋላውም ቅጥያ ይጨምራል። ሊቁ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው የግዕዝና የአማርኛ መዝገበ ቃላታቸው ቃሉን ከነዘሩ በግሱ ሥር ሰብስበው አስቀምጠዋል፤ ፈላጊውም አስቀድሞ ግሱን ማወቅ አለበት። መሣሪያውም ይህንኑ መማር ስላለበት፣ ነጋ ዓለማየሁና ፒተር ዊሌት እ.ኤ.አ. በ2002 የአማርኛን ቃል ከቅጥያው የሚለይ ዘዴ አሳተሙ። በ2020 ደግሞ የአዲስ አበባና የቱሉዝ ምሁራን ከ12,000 በላይ ጽሑፎችና 240 የፍለጋ ጥያቄዎች ያሉበትን የመፈተኛ ስብስብ አወጡ።

የለሚ ስም ይህን ችግር ከሌሎች ይልቅ ያሳያል። ‹ለሚመጣ›፣ ‹ለሚሄድ›፣ ‹ለሚፈልግ› ስንል የቃሉ መነሻ ‹ለሚ› ነው። ቅጥያ የሚቈርጠው መሣሪያ ‹ለ›ን እንደ መስተዋድድ ቈጥሮ ቢጥላት ከከተማዪቱ ስም የሚተርፈው ‹ሚ› ብቻ ነው። ስሙን ለይቶ ቢያውቀውም እንኳ ባለ ስሞቹ ብዙ ናቸው፤ በአዲስ አበባ ለሚ ኩራ የተባለው ክፍለ ከተማ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የቦስተንን ማራቶን ያሸነፈው ለሚ ብርሃኑ አለ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በቀን 150,000 ኩንታል ሲሚንቶ እንዲያመርት የታቀደው የለሚ ፋብሪካም ስሙን በዓለም የዜና ገጾች አስጽፎታል። ፋብሪካው ለአገር የሚጠቅም ሥራ ነው። ነገር ግን ብዙ የሚጻፍለትና ብዙ የሚመሰከርለት እርሱ ስለ ሆነ፣ ከፋብሪካው በፊት የነበረችው ከተማ ገበያዋ፣ ትምህርት ቤቷና የሽማግሌዎቿ ታሪክ ካልተጻፈላት በስሟ ጥላ ሥር ትቀራለች።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስቸኵለው የቅርብ ጊዜው ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ቻትጂፒቲ ከወጣ፣ በግንቦት 2024ም ጉግል በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ መልስ በአሜሪካ ከገጹ ራስ ላይ ማስቀመጥ ከጀመረ ወዲህ፣ ፈላጊው የሚቀርብለት ዝርዝር ብቻ መሆኑ ቀርቶ የተጠናቀቀ መልስ ሆኗል። በዝርዝሩ ዘመን በሦስተኛው ገጽ የተጻፈውን ትጉህ ሰው ወርዶ ያገኘው ነበር፤ በመልሱ ዘመን ግን ወደዚያ የሚወርደው ጥቂት ነው። መልሱን የሚሰጡትም ጥቂቶች ናቸው፤ በነሐሴ 2024 የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ አሚት ሜታ ጉግል በፍለጋ ሥራ የያዘውን የብቸኝነት ሥልጣን ከሕግ ውጭ ጠብቆ መኖሩን ፈርደዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የለሚ ሰው ከታላላቅ ኩባንያዎች ጋር በሐራጅ ሊወዳደር አይችልም፤ የምስክርነቱ መንገድ ግን ለእርሱም ክፍት ነው። የወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ መምህራኑና ተማሪዎቹ የአካባቢያቸውን ታሪክና ሥራ በአማርኛ ይጻፉ። ስሙንም ‹ለሚ፣ እንሳሮ ወረዳ፣ ሰሜን ሸዋ› እያሉ ሁልጊዜ በአንድ አጻጻፍ ያስፍሩት። የአንዱ ጽሑፍ የሌላውን ይጥቀስ፤ ያን ጊዜ ምስክር ይበዛል። አንባቢም ከላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት፣ ከታች የቀረውም ሁሉ ሐሰት እንዳልሆነ ይወቅ፤ የተከፈለበትን ካልተከፈለበት መለየትም ይልመድ። አባቶቻችን ‹ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት› ብለዋል። ከቤት ያልወጣውን ስም ጎረቤት በመሰለው እንደሚያወጣው፣ እኛም ስለ አገራችን ያልጻፍነውን መሣሪያው ከሌላ ሰው ጽሑፍ ቃርሞ ይመልስልናል።