ዜና ሶስና ወለተ ጌታቸው

በ1958 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፣ ሶስና በአዲስ አበባ ተወለደች። አባቷ የሸንኮራው ጌታቸው ኃይሌ ካይሮ ተምረው፣ በጀርመን አገር በቱቢንገን የዶክተርነት ማዕርግ ተቀብለው በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ የግዕዝ ሊቅ ነበሩ።

ከዚህም በኋላ ንጉሡ ወረዱ፤ ደርግም ነገሠ። በ1968 ዓ.ም. መባቻ ወታደሮች ጌታቸውን ሊይዙ ቤታቸው ድረስ መጡ። እጄን አልሰጥም አሉ፤ ተተኮሰባቸው፤ ዳግመኛም በእግራቸው አልቆሙም። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ ሄዱ፤ ቤተሰቡም ኋላ ሚኒሶታ ገባ። አባት በኮሌጅቪል ገዳም ቤተ መጻሕፍት፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው፣ በማይክሮፊልም የተነሡ የአገራቸውን ብራናዎች እየመረመሩ ዝርዝራቸውን ጻፉ። ልጅቱ የጠጣር ነገሮችን ጠባይ ለመመርመር ወጣች።

እ.ኤ.አ. በ1986 ከኤምአይቲ ተመረቀች፤ በ1988 በበርክሌይ ማስተርሷን ያዘች፤ በ1992 በዚያው በኤምአይቲ ዶክተር ተባለች። እንግዲህ አንቱ እንበላቸው። በጀርመን ስቱትጋርት ተመራምረው፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አስተምረው፣ በ1996 ካልቴክ ገቡ።

ስማቸውን ያስጠራው ነገር እንዲህ ነው። ፊዩል ሴል ሃይድሮጅንን ሳያነድ ከኦክስጅን ጋር አገናኝቶ ኤሌክትሪክ ያወጣል፤ በመካከሉ ግን ፕሮቶንን ብቻ የሚያሳልፍ ግድግዳ ይሻል። የተለመደው የፕላስቲክ ግድግዳ ሁልጊዜ መራስ አለበት፤ ስለዚህም ብዙ ሙቀት አይችልም። ሲዚየም ሃይድሮጅን ሰልፌት የሚባል ጨው ግን 141 ዲግሪ ሲደርስ ውስጡ ይላላል፤ የሰልፌቱ ቡድኖች ባሉበት ይሽከረከራሉ፤ ፕሮቶኑን አንዱ ለሌላው ያቀብላል፤ የማሳለፍ ችሎታውም በሺህ እጥፍ ይጨምራል። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሊቃውንቱ ዘንድ ይታወቅ ነበር። ነገር ግን ጨው ነውና በውሃ ይሟሟል፤ የፊዩል ሴል ውጤት ደግሞ ውሃ ነው! ማን ይደፍረዋል?

ሶስና ደፈሩት። ከመቶ ዲግሪ በላይ ውሃው እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ጨው አያሟሟም። እ.ኤ.አ. በ2001 ከተማሪዎቻቸው ጋር በኔቸር መጽሔት ሥራውን አወጡ። ድሉ ግን ጉድለት ነበረበት፤ ሰልፌቱ ከሃይድሮጅን ጋር ሲቆይ ይበላሻል። በ2004 ሰልፌቱን በፎስፌት ተኩ፤ ፎስፌቱም ሲሞቅ እንዳይፈርስ እንፋሎት እየነፉ አጸኑት። ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ከስዊስ ባልደረቦቻቸው ጋር ፀሐይን በመስተዋት አጥምደው፣ ሴሪያ የሚባለውን ኦክሳይድ 1500 ዲግሪ ያህል አሞቁት፤ ኦክስጅኑን ተነጠቀ። ሲበርድ የተነጠቀውን ከእንፋሎትና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሶ ሲወስድ ሃይድሮጅንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ተረፉ። የሙቀቱን ልክ ድሬዳዋ ታውቀዋለች፤ በጣሊያን ዘመን የተጀመረው የሲሚንቶ ፋብሪካዋ ክሊንከር የሚባለውን የሲሚንቶ መሠረት የሚያበስለው በዚያው አቅራቢያ ባለ ሙቀት ነው። ፀሐዩም ለድሬ ሰው አይነገርም! ይሁንና ከፀሐዩ ኃይል ወደ ነዳጅ የተለወጠው ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም ነበር፤ ይህንም ሳይሸሽጉ ጻፉት።

በ2005 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ የአፍሪካና የአሜሪካ ወጣት ተመራማሪዎች የቁስ ሳይንስ አብረው የሚማሩበት ትምህርት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ካዘጋጁት አንዷ እርሳቸው ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። አባታቸው ጌታቸው በሰኔ 2013 ዓ.ም. ዐረፉ። ሶስና የያዙት ያንኑ ፎስፌት ነው፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ፣ በ250 ዲግሪ አሞኒያን ሰንጥቀው ንጹሕ ሃይድሮጅን ለዩበት። አሞኒያ ከጅቡቲ ተጭኖ የሚገባው የዩሪያ ማዳበሪያ የሚሠራበት ጋዝ ነው።