ወፎቹ ተነሱ፣ ብረቷ ቀረች

የአውሮፕላን አደጋ ወሬ በተነሳ ቁጥር እኛ ቶሎ ትዝ የሚሉን የታወቁ ናቸው፦ የኮሞሮሱ (1989)፣ የቤይሩቱ (2002)፣ የቢሾፍቱው (2011)። እዚሁ ቦሌ፣ ዘመድ ስንሸኝና ስንቀበል በኖርንበት አየር ማረፊያ፣ በአንድ ቀን 43 ሰው ማለቁን ግን ከመሀላችን ስንቱ ሰምቷል? ማንም አልነገረንም። እኛም አልጠየቅንም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1964 ዓ.ም.። ቦሌ ያኔ የሚጠራው በንጉሡ ስም ነው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ እየተባለ። የኢስት አፍሪካን ኤርዌይስ (ኬንያ፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳ በጋራ የያዙት ኩባንያ ነበር) በረራ ቁጥር 720 ከናይሮቢ መጥቶ አዲስ አበባ አርፏል። ቀጣዩ ሮም፣ መጨረሻው ለንደን። አውሮፕላኑ አራቱም ሞተሮቹ ጭራው ስር የተደረደሩለት እንግሊዝ ሠራሹ ሱፐር ቪሲ 10 ነው። ውስጡ 107 ሰው አለ።

ወደ መንደርደሪያው ሲሄዱ አብራሪዎቹ መንገዱ ላይ የሞቱ ወፎች አዩና ይነሱልን ብለው ለመቆጣጠሪያ ማማው ተናገሩ። የእሳት አደጋ መኪና ተልኮ ወፎቹ ተነሱ። ያላነሳት፣ ያላያትም የለ እንጂ፣ እዚያው መንደርደሪያ ላይ አንዲት ብረት ተጋድማ ነበር። አንዲት ሴስና 185 ሳይታወቅ የጣለቻት ናት። ትንሿን አውሮፕላን በክሪክ ሲያነሱ ክሪኩ የሚደገፍባት ብረት ናት፣ ሌላ ምንም አይደለችም።

ሱፐር ቪሲ 10 ፍጥነቱን ጨምሮ ሲንደረደር የአፍንጫው የቀኝ ጎማ ብረቷ ላይ ወጣ። ጎማው ተነፈሰ። አውሮፕላኑ በኃይል ተንቀጠቀጠ። ካፒቴኑ በረራውን አቋረጠ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ለእያንዳንዱ መነሳት አብራሪዎች ቀድመው የሚያሰሉት አንድ ፍጥነት አለ፣ ቪ ዋን ይሉታል። ከሱ በታች ከሆንክ ፍሬን ያዝ፣ መንገዱ ይበቃሃል። ካለፍከው ግን የመጣው ይምጣ፣ ትነሳለህ። አዲስ አበባ ላይ ይሄ ስሌት ቀላል አይደለም። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ክንፉም ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። በዚያ ላይ እስከ ሮም የሚያደርስ ነዳጅ ተጭኗል። እንዲያም ሆኖ ስሌቱ ይሠራል፣ ፍሬኑ በሙሉ የሚሠራ ከሆነ።

አልሠራም። ምርመራው ያገኘው ይሄንን ነው፦ የፍሬኑ ሲስተም አንድ ክፍል ተፈትቶ ሲገጠም በትክክል አልተገጠመም። አውሮፕላኑ ከሚገባው የፍሬን ኃይል ከፊሉን አጥቶ ነበር፤ ካፒቴኑ ግን ይሄን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ደንቡ የሚለውን በደንቡ አደረገ፤ ሪፖርቱም በረራው በትክክል መቋረጡን መስክሮለታል። መንገዱ ግን አለቀ። ከመንደርደሪያው ጫፍ በኋላ መሬቱ ገደል ቢጤ ነው። አውሮፕላኑ አልፎ ሲሄድ ክንፉ የማረፊያ መብራት የተሰቀለበትን የብረት ማማ መታ፣ የነዳጁ ታንክ ተቀደደ፣ እሳት ተነሳ። ቁልቁል ወድቆም ተሰባበረ። 35 ተሳፋሪና 8 የበረራ ሠራተኛ ሞቱ። 64 ሰው ተረፈ።

እኛን የሚያበሳጨን ብረቷ አይደለችም። ብረቷን የጣለ ሰው እንዳለ ሁሉ ፍሬኑን አሳስቶ የገጠመም ሰው አለ፣ ምናልባት ማታውኑ በሰላም ቤቱ ገብቶ እራቱን የበላ። ጎማ ፈንድቶ ፍሬኑ ደህና ቢሆን ኖሮ ተሳፋሪው ደንግጦ፣ አንድ ቀን አዲስ አበባ አድሮ፣ በነጋታው ሮም በገባ ነበር። ብረቷ ባትኖርስ? ያ ፍሬን እንደጎደለ ሮም ድረስ ይሄድ ነበር፤ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ቀን እስኪፈለግ።

ከ28 ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 18 ቀን 1992 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ኮንኮርድም ከሌላ አውሮፕላን የወደቀች ቀጭን ብረት ረግጣ ጎማዋ ፈነዳ፣ የጎማው ቁራጭ ታንኳን መታ፣ በእሳት ተያያዘች፤ 113 ሰው አለቀ። የኮንኮርድ አብራሪዎች ቪ ዋንን አልፈው ስለነበር መቆም አይችሉም። ያንን አደጋ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፣ ፊልም ተሠርቶለታል፣ እኛም አይተናል።

ኢስት አፍሪካን ኤርዌይስ በ1969 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ሦስቱ አገሮች ተጣልተው። ኬንያ በዚያው ዓመት የራሷን አየር መንገድ አቋቋመች።