የጡረታችንን ዕድሜ ማን ወሰነው?

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ወገኖቻችን በሚሰባሰቡባቸው ካፌዎች የአገር ቤት ፖለቲካ ለአፍታ ጋብ ሲል አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ «ሶሻል ሴኩሪቲውን በ62 ልውሰድ ወይስ ልታገስ?» አንዱ «ነገን ማን አየው?» ሲል ሌላው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይለዋል። እኔ ከታሪኩ ልጀምር። 62ም ሆነ 67 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም፤ ፖለቲከኞች ተከራክረው በድምፅ የወሰኑት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የቢስማርክ ጀርመን በ1889 የጡረታ ሕግ ስታወጣ ዕድሜው 70 ነበር፤ ወደ 65 የወረደው በ1916 ነው። በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ኦገስት 14 ቀን 1935 ሕጉን ሲፈርሙ 65 ተባለ። የእርሻና የቤት ሠራተኞች ግን ከሕጉ ውጭ ቀሩ፤ ብዙው ጥቁር ሠራተኛ በእነዚሁ ሥራዎች ላይ ስለነበረ አብሮ ቀረ። በሩ የተከፈተላቸው በ1950ዎቹ ማሻሻያዎች ነው። የመጀመሪያዋ የወር ጡረተኛ አይዳ ሜይ ፉለር በጃንዋሪ 1940 የተቀበሉት 22 ዶላር ከ54 ሳንቲም ነበር። በ62 ቀንሶ የመውሰድ ምርጫ ለሴቶች በ1956፣ ለወንዶች በ1961 ተፈቀደ።

ለእኛ ትውልድ ወሳኙ ዓመት 1983 ነው። የፈንዱ ገንዘብ ሊያልቅ ሲቃረብ ኮንግረስ ሙሉ የጡረታ ዕድሜን ቀስ በቀስ ወደ 67 ከፍ አደረገ፤ ፕሬዚዳንት ሬገን በኤፕሪል ፈረሙበት። ልብ በሉ! በ1980ው የስደተኞች ሕግ ከሱዳን የመጡት ወገኖቻችን ገና ኑሮ ሲጀምሩ፣ ብዙዎቻችን ገና ሳንመጣ፣ የእርጅናችን ነገር ተወስኖ አለቀ። ከ1960 ወዲህ የተወለደ ሰው በ62 ቢወስድ የሙሉውን 70 በመቶ፣ እስከ 70 ቢታገስ 124 በመቶ ያገኛል። ቅነሳው የዕድሜ ልክ ነው።

የእኛን ሰው የሚመለከቱ ነጥቦችም አሉ። በስደተኛ ወረቀት ላይ የልደት ቀኑ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተጻፈለት ወገን ብዙ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ በዚያ ቀን የተወለደን ሰው በቀደመው ዓመት እንደተወለደ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ጃንዋሪ 1 ቀን 1960 ተወለደ የተባለ ሰው ሙሉ ጡረታው የሚደርሰው በ66 ዓመት ከ10 ወር ነው። የአንድ ጸሐፊ ብዕር ይህን ያህል ይዘልቃል! በሌላ በኩል ጡረታው የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ በተገኘባቸው 35 ዓመታት ነው። በ40 ዓመቱ ለመጣ ሰው የጎደሉት ዓመታት በዜሮ ይገባሉ፤ አንድ ዓመት በሠራ ቁጥር አንድ ዜሮ ይፋቃል። ታክሲ ነጂውም የሚታሰብለት ግብር የከፈለበት ገቢ ብቻ ነው።

እንግዲህ ጤናው የታወከ ወይም ሌላ ገቢ የሌለው ሰው በ62 ቢወስድ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ጉልበቱም ሥራውም ያለው፣ በተለይ ከትዳር ጓደኛው የበለጠ ገቢ የነበረው ግን ቢታገስ ይሻላል እላለሁ። ታግሶ ያሳደገው ጡረታ እሱ ሲያልፍ ከራሷ የሚበልጥ ከሆነ ለሚስቱ ይተርፋል።

ክርክሩ ግን አላበቃም። በ2025 የወጣው የባለአደራዎቹ ሪፖርት የጡረታው ፈንድ ክምችት በ2033 እንደሚያልቅ፣ ከዚያ በኋላ የሚገባው ገቢ 77 በመቶውን ብቻ እንደሚሸፍን ተንብዮአል። ኮንግረስ እንደ 1983ቱ ሌላ ውሳኔ መወሰኑ አይቀርም። ያኔ ድምፅ አልነበረንም፤ ዛሬ ግን ዜግነት የያዝን ብዙዎች ነን። ስለ አገራችን ዴሞክራሲ ኤች. አር. 2003 በ2007 በተወካዮች ምክር ቤት እንዲያልፍ ከቢሮ ቢሮ የዞረ ማኅበረሰብ ለእናቶቹና ለአባቶቹ ጡረታ ያንኑ በር ማንኳኳት ይሳነዋል? አይመስለኝም።

ቸር ይግጠመን!