የጃዕፈር ቤት ለቅሶ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ፣ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ ላይ ይሁን። 

ዛሬ ባሏ የሞተባትን ሴት ስለ ማጽናናት እናወጋለን። ነገሩን ከመተማ እንጀምር። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘኪ ጡማል ከሚመራው የደርቡሽ ጦር ጋር ተዋግተው የወደቁት እዚያ ነው። የታሪክ መጻሕፍት ስለ ንጉሡ ሞት ብዙ ጽፈዋል። ከሁለቱም ወገን ስላለቁት ሰዎች ሚስቶች ግን እምብዛም አይናገሩም። አንዷ በደጋው፣ ሌላዋ ከድንበሩ ማዶ በር በሩን እያዩ ቀሩ። ማን ደረሰላቸው? ለልጆቻቸውስ ማን ምግብ ይዞ ገባ?

የእስልምና ታሪክ ግን የአንዲትን ባሏ የሞተባት እናት ለቅሶ ከነዝርዝሩ አቆይቶልናል። እሷም ለአገራችን ባዕድ አይደለችም። አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ከባሏ ከጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) ጋር ወደ ሐበሻ ተሰዳ ዓመታት ኖራለች፤ ልጇን ዐብደላህንም የወለደችው እዚሁ ነው። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ወደ መዲና ሄዱ። በ8ኛው ዓመት ጃዕፈር በሙእታ ዘመቻ ሸሂድ ሆነ።

የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ያን ቀን አስማእ ሊጧን አቡክታ፣ ልጆቿን አጥባ ቅባት ቀብታቸው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገብተው ልጆቹን አስጠሩ፤ አቅፈው አሸተቷቸው፤ እንባቸውም ፈሰሰ። አስማእ ያኔ ነገሩ ገባት። ቀጥሎም ቤተሰቡ በሐዘን ተይዟልና ምግብ እንዲሠራለት አዘዙ። ኋላም የልጆቹ የቲምነት ሲነሳ፣ ኃላፊያቸው እርሳቸው እንደሆኑ ነገሯት።

ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል፦ መጀመሪያ እንባ፣ ከዚያ ምግብ፣ ከዚያ የልጆች ኃላፊነት። ረጅም ዳዕዋ አልነበረም።

እኛስ? አንዳንድ ቦታ ለቅሶ ደራሹ ቀናት ይቀመጣል፤ የሚበላው ግን ከሟች ቤት ነው። ውርስ ሳይከፋፈል የሚታረደው በሬ የየቲሞች ሐቅ መሆኑን እንዘነጋለን። ሟች ልጅ ካለው ለሚስቱ ስምንተኛው፣ ከሌለው አራተኛው እጅ በቁርኣን ተደንግጎላታል። የሰሊጡ ማሳ የወንድማችን ነው ብሎ እሷን ባዶ እጇን ማስወጣት በደል ነው። ዒዳዋም አራት ወር ከዐሥር ቀን ነው፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትወልድ። በዚህ ጊዜ በግልጽ ለጋብቻ አትጠየቅም።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በሱዳን ጦርነት የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገብተዋል። በመካከላቸው ባሏን ቀብራ የመጣች፣ የቀበረችበትን እንኳ የማታውቅ አለች። ለቅሶ የሚደርስላት ጎረቤት ማዶ ቀርቷል። አስማእን ስደተኛ ሆና የተቀበለ አገር ልጆች ነንና፣ ጎረቤቷ እኛ እንሁን። አንድ ትሪ ምግብ ይዘን እንግባ፤ የልጆቿንም ስም እንጠይቅ።

አላህ ለሞቱት ይዘንላቸው፣ ለቀሩት ሰብሩን ይስጣቸው። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።