የተቀመጡበት ቆዳ

ጃጓር ኢ-ታይፕ የተባለችው የእንግሊዞች የስፖርት መኪና በማርች 1961 ጄኔቫ ላይ ስትታይ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ «ልሞክራት» ባዩ ስለበዛ ኩባንያው ሌላ መኪና በአስቸኳይ አስመጣ። የኩባንያው ሞካሪ ሾፌር ኖርማን ዴዊስ ከኮቨንትሪ ተነስቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ አድሮ በማግስቱ ጠዋት ደረሰ። ይህ ታሪክ በተወራ ቁጥር የሚወደሰው ሞተሩ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሰውየው ተጣብቆበት ያደረው ወንበር ነው።

ምቹ ነበር ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ኢ-ታይፖች ወንበር አይመችም እየተባለ ታምቷል፤ ኩባንያውም በ1964 ባለ 4.2 ሊትሩን ሲያወጣ የተሻለ ሠራለት። ልብሱ ግን ቆዳ ነው፣ ያውም የኮኖሊ። በ1878 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው የኮኖሊ ወንድማማቾች ቤት ለሮልስ ሮይስም ለፌራሪም ቆዳ ያቀርብ ነበር።

ቆዳ ደግሞ ያረጃል። ፀሐይ ታደርቀዋለች፣ ይሰነጠቃል። በሾፌሩ በር በኩል ያለው ጠርዝ ሲገቡ ሲወጡ እየተፋቀ ቀድሞ ይላጣል። አንዳንዴ ቆዳው ደህና ሆኖ የስፌቱ ክር ይበሰብሳል። ሲፈቱት ውስጡ ያለው ስፖንጅ ዱቄት ሆኖ ይራገፋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ታፔሰሪ ቤት ወስዶ ሁሉን ገሽልጦ አዲስ ማልበስ ቀላሉ መንገድ ነው። ብዙ ዘመን የተሠራበትም ይኸው ነው፤ በውድድር ሜዳ የምትሸለመው ከፋብሪካ ከወጣችበት ቀን ይልቅ የምታብለጨልጭ መኪና ነበረች። (ጉድ እኮ ነው፤ ስትወለድ ያልነበራት ውበት በስተርጅና!) በኋላ ግን እንደ ካሊፎርኒያው ፔብል ቢች ያሉ ውድድሮች ላልታደሱ መኪኖች የራሳቸውን ምድብ ሰጡ።

እኔ ከነዚህኞቹ ጋር ነኝ። የብራና መጽሐፍ እንደገና ሲጠረዝና ሲደጎስ ዳር ዳሩ ከተቆረጠ ኅዳጉ ላይ የነበረው ማስታወሻ አብሮ ይሄዳል፤ መጽሐፉ ያምራል፣ ማን እንዳነበበው ግን አናውቅም። የወንበሩም ነገር ያው ነው። ሌላ መንገድ አለ፦ ስፌቱን ፈትቶ ስፖንጁን መቀየር፣ የሳሳውን ቆዳ ከሥሩ በጨርቅ መደገፍ፣ ውሃ ሳያበዙ በለስላሳ ሳሙና ማጽዳት፣ ስንጥቁን ሞልቶ እዚያው ላይ ብቻ ቀለም መንካት። ቅባት ያለሰልሳል እንጂ የተሰነጠቀውን አይገጥምም፤ ሻጮቹ የሚሉትን አትስሙ።

የድሮው የኮኖሊ ፋብሪካ በ2002 ተዘግቷል። የግድ አዲስ ማልበስ ያለበት ሰው ቢያንስ አሮጌውን ቆዳ አይጣል፤ የመኪናዋን የመጀመሪያ ቀለም የሚያውቀው እጥፋቱ ሥር ተደብቆ ፀሐይ ያላየው ቁራጭ ነው።